በማኅበረሰብ የቆሙ የኤችአይቪ ምርመራና መከላከያ ተቋማት ታሪክ

ኤችአይቪ በዓለም ላይ ከታወቀበት ጊዜ አንሥቶ ስለ ቫይረሱ ግኝት፣ ስለ መመርመሪያው አሠራርና ስለ መድኃኒቱ ቅመማ ብዙ ተጽፏል፤ እነዚህን ሁሉ ከቤተ ሙከራ አውጥቶ በሰው ደጃፍ ያደረሰው ተቋም ግን የሚገባውን ያህል ታሪክ አልተጻፈለትም። ይህ ተቋም በሁሉም አገር በአንድ ስም አይጠራም። በአንዱ አገር የሕሙማን ማኅበር፣ በሌላው የምክርና የምርመራ ጣቢያ፣ በሌላው ንጹሕ መርፌ የሚታደልበት ክፍል፣ በኢትዮጵያ ደግሞ የፀረ ኤድስ ክበብ፣ የእድር የእንክብካቤ ቡድን፣ ወይም ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ የሚገኝ ወገኖች ማኅበር ሆኖ ቆሟል። መልኩ ቢለያይም ሥራው ሦስት ነው፦ ሰው በፈቃዱ ደሙን እንዲመረመር ማገዝ፣ ያልተያዘው እንዳይያዝ መከላከል፣ እንዲሁም «ጉዳት ቅነሳ» የሚባለው ነው። ጉዳት ቅነሳ ማለት አንድ ሰው ለአደጋ የሚያጋልጠውን ልማድ ወይም መተዳደሪያ ዛሬውኑ ሊተው ባይችል እንኳ፣ በሕይወትና በጤና እንዲቆይ የሚያስችለውን ዘዴ፣ ይኸውም ንጹሕ መርፌን፣ ኮንዶምን ወይም የሱስ ማስታገሻ መድኃኒትን ያለ ወቀሳ ማቅረብ ማለት ነው።

የእነዚህ ተቋማት የአርባ ዓመት ታሪክ ሲመረመር አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ገንዘብም ባለሙያም ቢያስፈልጋቸውም ተቋሞቹን አጽንቶ ያቆማቸው የሰው እምነት ነው፤ እምነቱም የተገኘው በፈቃደኝነት፣ በምስጢር ጠባቂነት፣ ያለ ፍርድ በመቀበልና የችግሩ ባለቤቶች ራሳቸው አገልግሎቱን በመምራታቸው ነው። ከእነዚህ አንዱ በጎደለበት ስፍራ ሁሉ ሰው ከአገልግሎቱ ሸሽቷል፣ በሽታውም በስውር ተስፋፍቷል።

የተቋሙ መነሻ

እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1981 የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል በሎስ አንጀለስ አምስት ወጣት ወንዶችን ያጠቃ ያልተለመደ የሳንባ ምች መታየቱን በሳምንታዊ ዘገባው አወጣ። በሽታው በመጀመሪያ ጎልቶ የታየው የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ባላቸው ወንዶች ዘንድ በመሆኑ መንግሥት ለጉዳዩ ፈጥኖ ትኩረት አልሰጠውም፤ ስለዚህ ሕሙማኑና ወዳጆቻቸው ራሳቸው ተደራጁ። በ1982 በኒው ዮርክ «ጌይ ሜንስ ሄልዝ ክራይሲስ» የተባለው ድርጅት ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት በለንደን ቴረንስ ሂጊንስ የተባለ ሰው በበሽታው ከሞተ በኋላ ወዳጆቹ በስሙ የሚጠራ ድርጅት አቋቋሙ። የእነዚህ ማኅበራት የመጀመሪያ ሥራ የስልክ ምክር መስጠት፣ ብቻውን የታመመን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅና ማስታመም፣ በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ የሚያስረዱ በራሪ ወረቀቶችን ማሰራጨት ነበር። ሐኪሞቹ ገና የበሽታውን መንሥኤ ባላወቁበት ጊዜ ይህ ሥራ የተካሄደው በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ነው።

በ1983 በዴንቨር ከተማ በተካሄደ የጤና ጉባኤ ላይ የተገናኙ ጥቂት ሕሙማን ያወጡት መግለጫ ለተቋሙ ጽኑ መሠረት ሆነ። መግለጫው ሕሙማኑ «የኤድስ ሰለባ» ተብለው መጠራታቸውን ተቃውሞ፣ ስለ እነርሱ በሚወሰንበት መድረክ ሁሉ እነርሱ ራሳቸው እንዲገኙ ጠየቀ። ይህ ሐሳብ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ በፓሪስ በተሰበሰቡ መንግሥታት የጋራ መግለጫ ውስጥ ገብቶ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ተሳትፎ ዓለም አቀፍ መርሕ እንዲሆን አደረገ።

የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ፍራንሷዝ ባሬ ሲኑሲና ሉክ ሞንታኜ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1983 ቫይረሱን ከለዩት በኋላ፣ በ1985 የመጀመሪያው የደም ምርመራ በአሜሪካ ተፈቀደ። ምርመራው የታሰበው ለሕክምና የሚለገስን ደም ለማጣራት ነበር። ነገር ግን ስለ ራሳቸው የተጨነቁ ሰዎች ውጤታቸውን ለማወቅ ሲሉ ብቻ ደም ለመለገስ ወደ ደም ባንክ ቢሄዱ፣ አዲስ የተያዘ ሰው ደም ሳይታወቅ ለሌላ ሊሰጥ ይችል ነበር፤ ምርመራው የሚያገኘው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመነጨውን ንጥረ ነገር በመሆኑና ይህም ንጥረ ነገር እስኪታይ ሳምንታት ስለሚፈጅ ነው። ተቃርኖውን ለመፍታት ከደም ባንክ የተለዩ፣ ሰው ስሙን ሳይናገር በቁጥር ብቻ የሚመረመርባቸው ጣቢያዎች ተከፈቱ። መድኃኒት በሌለበት ዘመን ውጤትን መስማት ከባድ ስለነበር ከምርመራው በፊትና በኋላ ምክር የመስጠት ሥርዓት አብሮ ተወለደ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚታየው የምክር ክፍልም የዚያ ሥርዓት ተከታይ ነው።

ንጹሕ መርፌና የጉዳት ቅነሳ ተቋማት

በአውሮፓ ከተሞች ቫይረሱ ሌላ መንገድ አገኘ። ሄሮይን የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ በደም ሥር የሚወስዱ ሰዎች አንዱን መርፌ በጋራ ስለሚጠቀሙበት፣ በመርፌው ውስጥ የቀረችው ጥቂት ደም በሽታውን በቀጥታ ከደም ወደ ደም ታስተላልፋለች። እ.ኤ.አ. በ1984 በአምስተርዳም መሀል ከተማ የሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት ለዕፅ ተጠቃሚዎች መርፌ መሸጡን ሲያቆም፣ «ዩንኪቦንድ» የተባለው የተጠቃሚዎቹ ማኅበር የጉበት በሽታ እንዳይስፋፋ በመስጋት ከከተማው የጤና መሥሪያ ቤት ጋር ተስማምቶ መርፌ መለዋወጥ ጀመረ። የጤና መሥሪያ ቤቱ ንጹሕ መርፌ ያቀርባል፤ ማኅበሩ ያገለገለውን ከተጠቃሚው ተቀብሎ አዲስ ይሰጠዋል፤ ያገለገለው መርፌ ተሰብስቦ ስለሚወገድም መንገድ ላይ ተጥሎ የሚወጋው ሰው አይኖርም። ይህ አሠራር በመጀመሪያ የታሰበው ለጉበት በሽታ ቢሆንም ኤችአይቪን ለመከላከል ዋነኛ መሣሪያ ሆኖ ተገኘ።

የዚህ ተቃራኒ ታሪክ በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤዲንብራ ተፈጸመ። በዚያ ከተማ በፖሊስ ጫና የተነሣ መርፌ በቀላሉ እንዳይገኝ በመደረጉ ተጠቃሚዎች አንዱን መርፌ በጋራ መጠቀም ቀጠሉ፤ በ1986 በአንድ የከተማው ክፍል በተደረገ ጥናት ከተመረመሩት ተጠቃሚዎች 51 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው ተገኘ። በዚሁ ዓመት በሊቨርፑል የመርፌ ልውውጥ ማዕከል ተከፈተ፤ ከተማዋም ብዙ የዕፅ ተጠቃሚ እያላት ከኤዲንብራ ዓይነቱ ወረርሽኝ ተረፈች። በ1988 የብሪታንያ መንግሥት አማካሪ ምክር ቤት የኤችአይቪ መዛመት ለግለሰብም ለሕዝብም ጤና ከዕፅ ሱስ የባሰ አደጋ መሆኑን በመግለጽ ለዚህ አሠራር የፖሊሲ ድጋፍ ሰጠ። በ1990 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የጉዳት ቅነሳ ጉባኤ በዚያችው በሊቨርፑል ተካሄደ።

በአሜሪካ በ1988 ዴቭ ፐርቼዝ የተባለ ሰው በታኮማ ከተማ ጎዳና ዳር መርፌ መለዋወጥ ሲጀምር፣ የአገሪቱ ምክር ቤት በዚያው ዓመት የፌዴራል ገንዘብ ለዚህ ሥራ እንዳይውል ከለከለ። የእገዳው አመለካከት ያስከተለው ጉዳት በ2015 በኢንዲያና ግዛት በስኮት ካውንቲ ጎልቶ ታየ፤ የመርፌ ልውውጥ በሕግ ባልተፈቀደበት በዚህ ትንሽ የገጠር አካባቢ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ሰዎች በቫይረሱ ተይዘው ተገኙ፤ የግዛቱ መንግሥትም አደጋውን ለመግታት አገልግሎቱን ለመፍቀድ ተገደደ። ከመርፌው ጎን ለጎን የቆመው ሌላው ዘዴ ሜታዶን የተባለ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ ይህ መድኃኒት የሄሮይንን ጥማት ስለሚያስታግስ ተጠቃሚው ከመርፌ እንዲላቀቅ ያግዘዋል። በምሥራቅ አፍሪካ ታንዛኒያ በ2011 በዳሬሰላም ሙሂምቢሊ ሆስፒታል ይህን ሕክምና ስትጀምር፣ ሱሰኞቹን ፈልጎ ያመጣቸውና አብሯቸው የቆየው የማኅበረሰብ ድርጅት ነበር። የሐኪሙ መድኃኒትና የሰፈሩ ሰው መተዋወቅ ካልተጋጠሙ ሕክምናው ባዶ ክፍል ሆኖ እንደሚቀር ሁሉም ታሪኮች ያስተምራሉ።

ካምፓላና የአፍሪካ መንገድ

በአፍሪካ ወረርሽኙ የተዛመተው በአብዛኛው በወንድና በሴት መካከል ባለው ግንኙነት በመሆኑ፣ ችግሩ የአንድ ክፍል ሳይሆን የመላው ቤተሰብ ሆነ። በኡጋንዳ በሙላጎ ሆስፒታል የአካል ማገገሚያ ባለሙያ የነበሩት ኖሪን ካሌባ ባለቤታቸውን በኤድስ ካጡ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ከጥቂት ሰዎች ጋር «ታሶ» በሚል አሕጽሮት የሚታወቀውን የኤድስ ድጋፍ ድርጅት መሠረቱ። ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ሕሙማን ስለነበሩ ብዙ ሳይቆዩ አርፈዋል፤ ድርጅቱ ግን የምክር አገልግሎትን፣ የቤት ለቤት እንክብካቤንና የቤተሰብ ድጋፍን አንድ ላይ በማስተባበር ለአህጉሩ አብነት ሆነ። በ1989 ታዋቂው ዘፋኝ ፊሊ ሉታያ ቫይረሱ በደሙ እንዳለ በአደባባይ መናገሩ በአገሪቱ የነበረውን የዝምታ ግድግዳ ናደው። በ1990 ደግሞ በካምፓላ «የኤድስ መረጃ ማዕከል» ተከፍቶ ጤነኛ ሆኖ የሚሰማው ሰው በፈቃዱ መጥቶ የሚመረመርበት፣ በአህጉሩ ቀዳሚ የሆነ ተቋም ሆነ።

በዚያን ጊዜ መድኃኒት በሌለበት ምርመራ ምን ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ በባለሙያዎች መካከል ክርክር ያስነሣ ነበር። በናይሮቢ፣ በዳሬሰላምና በትሪኒዳድ የተካሄደና በ2000 የታተመ ጥናት፣ ምክርና ምርመራ ያገኙ ሰዎች የጤና ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው ይልቅ ጥንቃቄ የጎደለው ግንኙነትን በበለጠ እንደቀነሱ አሳየ። ይህ ማስረጃ የምርመራ ማዕከላት በመላው አፍሪካ እንዲስፋፉ ትልቅ ምክንያት ሆኗል።

ኢትዮጵያ፦ ከፍርሃት ወደ ማኅበር

በኢትዮጵያ ቫይረሱ መግባቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሁለት የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1986 ነው። በመካከሉ፣ በ1985፣ ብሔራዊ ግብረ ኃይል ተቋቋመ፤ በ1987 ደግሞ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ውስጥ ጉዳዩን የሚከታተል ክፍል ተደራጀ። በዚያ ዘመን የወጡት የማስተማሪያ ሥዕሎችና መልእክቶች በአብዛኛው አጽምንና ሞትን የሚያሳዩ ስለነበሩ፣ ሕዝቡ በሽታውን እንዲፈራ ከማድረጋቸው ይልቅ በሽተኛውን እንዲፈራ አደረጉት። የተጠረጠረ ሰው ከተከራየበት ቤት ይባረራል፣ የሚበላበት ሳህንና የሚጠጣበት ብርጭቆ ይለይበታል፣ ሲሞትም ቤተሰቡ የሞቱን ምክንያት በሳንባ ወይም በሌላ በሽታ ስም ይሸፍነዋል።

ከዚህ ፍርሃት ጋር ፊት ለፊት ከተጋፈጡት ቀደምት ድርጅቶች አንዱ የሃይማኖት ተቋማት በጋራ የመሠረቱት የኤድስ ማኅበራዊ አገልግሎት ድርጅት ሲሆን፣ በአሕጽሮቱ «ኦሳ» እየተባለ የሚጠራው ይህ ድርጅት የምክር፣ የምርመራና የሕሙማን ድጋፍ አገልግሎትን ከመንግሥት ሆስፒታል ውጭ በማቅረብ መንገድ ጠርጓል። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ «ዲኬቲ ኢትዮጵያ» ኮንዶምን «ሕይወት ትረስት» በሚል ስም በአነስተኛ ዋጋ በየሱቁና በየመጠጥ ቤቱ ማከፋፈል ሲጀምር፣ መከላከያው ሰው ሳይሳቀቅ ሊገዛው የሚችል የዕለት ዕቃ ሆነ። በወንጂና በአቃቂ ፋብሪካዎች ሠራተኞች ዘንድ የተካሄደው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የጋራ የኤድስ ምርምርም ለተሳታፊዎቹ ምክርና ምርመራን አብሮ በመስጠቱ፣ አገልግሎቱ በኢትዮጵያውያን ዘንድ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል ልምድ አስገኝቷል።

የሁሉም ማዞሪያ ግን በ1990ዎቹ መገባደጃ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች በግልጽ ወጥተው ማኅበር ማቋቋማቸው ነው። «መቅድም ኢትዮጵያ» እና «ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ» የተባሉት ማኅበራት አባላት በትምህርት ቤት፣ በወታደር ካምፕ፣ በፋብሪካና በቤተ እምነት አደባባይ ቆመው «ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አለ» ብለው ሲናገሩ፣ ሰሚው እስከዚያ ቀን በአጽም ሥዕል ያወቀውን በሽታ የሚናገር፣ የሚያለቅስ፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሆኖ አገኘው። ብዙዎቹ ለዚህ ድፍረታቸው ሥራቸውንና መኖሪያቸውን አጥተዋል፤ መድኃኒት በአገሪቱ ከመዳረሱ በፊት ሕይወታቸው ያለፈም ብዙ ናቸው። በኋላ በየክልሉ የተቋቋሙት ማኅበራት «ኔፕ ፕላስ» በተባለ አገር አቀፍ ጥምረት ሥር ተሰባስበዋል።

መንግሥትም በበኩሉ በነሐሴ 1990 ዓ.ም. ብሔራዊ የኤችአይቪ/ኤድስ ፖሊሲ አወጣ፤ በ1992 ዓ.ም. ብሔራዊ ምክር ቤት አቋቋመ፤ በ1994 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 276/1994 የኤችአይቪ/ኤድስ መከላከያና መቆጣጠሪያ ጽሕፈት ቤትን መሠረተ። ፖሊሲው ምርመራ በፈቃደኝነት ላይ እንዲመሠረትና ምስጢር እንዲጠበቅ መደንገጉ፣ ማኅበራቱ በተግባር ሲጠይቁት የቆዩትን የሕግ መልክ ሰጠው።

የምርመራው ክፍል

በዚያ ዘመን የተስፋፋው «ቪሲቲ» እየተባለ የሚጠራው በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ የምክርና የምርመራ አገልግሎት የራሱ ሥርዓት ነበረው። ተመርማሪው ሲገባ ስሙ አይጠየቅም፤ የመለያ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ይሰጠዋል። አማካሪዋ በሩን ዘግታ ምርመራው ምን እንደሆነ፣ ውጤቱ «ፖዘቲቭ» ወይም «ኔጋቲቭ» ቢሆን ምን ሊያደርግ እንዳሰበ፣ ለማን ሊነግር እንደሚችል ታነጋግረዋለች፤ ሐሳቡን ከቀየረ ሳይመረመር የመሄድ መብት አለው። ከተስማማ ጣቱ ተወግቶ የወጣችው የደም ጠብታ በመመርመሪያው ወረቀት ላይ ትደረግና ውጤቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል። በወረቀቱ ላይ የሚታየው አንድ መስመር ምርመራው መሥራቱን፣ ሁለተኛው መስመር ቫይረሱን የሚከላከለው ንጥረ ነገር መገኘቱን ያመለክታል፤ የመጀመሪያው ምርመራ ፖዘቲቭ ካሳየ ውጤቱ በሌላ ዓይነት መመርመሪያ ሳይረጋገጥ አይነገርም። ኔጋቲቭ የሆነ ሰውም ገና «ዊንዶው ፔሬድ» በሚባለው፣ ቫይረሱ ገብቶ በምርመራ በማይታይበት ጊዜ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ እንዲመጣ ይመከራል።

የዚህ ክፍል ትልቁ ሀብት የአማካሪዋ ትዕግሥት ነበር። ውጤቱን ሰምቶ ደርቆ የቀረን ሰው ዝም ብሎ ማቆየት፣ ባልና ሚስት ውጤታቸው ሲለያይ ቤታቸው እንዳይፈርስ ማነጋገር፣ ነፍሰ ጡሯን ልጇ ነጻ ሆኖ ሊወለድ እንደሚችል ማስረዳት በመሣሪያ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ማኅበራቱ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ አባሎቻቸውን በአማካሪነት ማሠልጠን ሲጀምሩ ደግሞ፣ ውጤቱን የሚሰማው ሰው ከፊቱ የተቀመጠችው ሴት በዚያው መንገድ አልፋ ለዚህ መብቃቷን ያይ ነበር። ነፍሰ ጡሮችን የሚያግዙት የእናት ለእናት ቡድኖችም የተመሠረቱት በዚሁ ሐሳብ ነው።

እድር፣ ጸበልና የማኅበረሰብ ውይይት

ተቋሙ በኢትዮጵያ ሥር የሰደደው ነባሮቹን ማኅበራዊ ተቋማት አቅፎ በመሥራቱ ነው። እድር አባላቱ በየወሩ እያዋጡ፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክሉበት፣ አስከሬን የሚሸኙበትና ሐዘንተኛን የሚያጽናኑበት ማኅበር ነው። ወረርሽኙ በበረታበት ዘመን ወጣቶች በየሳምንቱ ሲቀበሩ የእድሮች ካዝና ተራቆተ፤ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚገኙ በርካታ እድሮችም ደንባቸውን እያሻሻሉ፣ ለሞተ ሰው ከሚያወጡት ገንዘብ ለታመመውና ወላጆቹን ላጣው ሕፃን ማዋል ጀመሩ። በጎ ፈቃደኛ እናቶች የአልጋ ቁራኛ የሆነውን ጎረቤታቸውን አጥበው፣ ምግብ አቅርበው፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ እንዲወስድ አስታውሰው ይመለሱ ነበር። ቀብር አስፈጻሚ የነበረው ተቋም ሕይወት ጠባቂ መሆኑ በኢትዮጵያ የኤችአይቪ ታሪክ ውስጥ ከታዩት ለውጦች ሁሉ ትልቁ ነው ማለት ይቻላል።

በከምባታና በአላባ አካባቢ በቦጋለች ገብሬ የተመሠረተው «ኬኤምጂ» የተባለው ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ «የማኅበረሰብ ውይይት» የተባለውን ዘዴ አስፋፋ። በዚህ ዘዴ ከውጭ የመጣ አስተማሪ አያስተምርም፤ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ወጣቶች በጥላ ሥር ተቀምጠው ለብዙ ጊዜ በመመላለስ ይነጋገራሉ፣ ጠለፋን፣ የሴት ልጅ ግርዛትንና ለቫይረሱ የሚያጋልጡ ልማዶችን ራሳቸው ለይተው ራሳቸው ይወስናሉ። ከጋብቻ በፊት ምርመራ መደረግ አለበት የሚለው ልማድ በብዙ አካባቢዎች የተስፋፋው በእንዲህ ያለ ውይይትና በቤተ እምነቶች ግፊት ነው።

መድኃኒቱ በመጣ ጊዜ አዲስ ፈተና ተነሣ። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በመጀመሪያ የተሰጠው በክፍያ ሲሆን፣ በጥር 1997 ዓ.ም. በነጻ መታደል ጀመረ። በእንጦጦ ማርያም ጸበል ለመፈወስ ከየአቅጣጫው የመጡ ብዙ ሕሙማን ግን መድኃኒት መውሰድን የእምነት ማጣት አድርገው ስለቆጠሩት መድኃኒታቸውን ያቋርጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ማስታወቃቸው የብዙዎችን ሕይወት አትርፏል። ፓትርያርኩ የተናገሩትን ቃል በጸበል ስፍራው ያሉ ሕሙማን አምነው ተቀበሉ፤ ተመሳሳይ ቃል ከጤና መሥሪያ ቤት ቢመጣ ያንን ያህል ባልተሰማ ነበር።

መስፋፋትና አደጋው

በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የሚሊኒየም የኤድስ ዘመቻ፣ በቀበሌው የሚሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ከዓለም አቀፉ ፈንድና ከአሜሪካ መንግሥት የኤድስ እርዳታ ፕሮግራም የመጣው ገንዘብ ተደማምረው አገልግሎቱን በፍጥነት አስፋፉት። ምርመራ ያደረጉ ሰዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ ሺዎች ወደ ሚሊዮኖች ከፍ አሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኙ እንደ ሞጆ፣ መተሐራ፣ አዋሽና ሚሌ ባሉ ከተሞች ለከባድ መኪና ሾፌሮችና በወሲብ ንግድ ለሚተዳደሩ ሴቶች የተዘጋጁ የአገልግሎት ማዕከላት ተከፈቱ፤ በማዕከላቱ ሴቶቹ ገላቸውን ይታጠቡ፣ ልብሳቸውን ያጥቡ፣ ያርፉ፣ የአባላዘር በሽታ ሕክምና፣ ምርመራና ኮንዶም ያገኙ ነበር። ማዕከሉን የምታስተባብረውና ሌሎቹን ከየቤታቸው የምታመጣው ከእነርሱ መካከል የሠለጠነች ሴት ነበረች። ይህ የጉዳት ቅነሳ መርሕ በኢትዮጵያ ምድር የያዘው ዋነኛው መልክ ነው።

ውጤቱ በአገር አቀፍ ጥናቶች ይታያል። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ከአዋቂዎች 1.4 በመቶ ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ ሲያሳይ፣ በ2016 ቁጥሩ ወደ 0.9 በመቶ ወርዷል። ይሁን እንጂ በ2017 እና በ2018 በከተሞች ብቻ በተደረገ ጥናት 3 በመቶ መገኘቱ፣ አደጋው ከከተማ እንዳልወጣ ያስገነዝባል።

የሕግ ማዕቀፍም ተቋሙን አንዴ ሲያጸናው አንዴ ሲያዳክመው ኖሯል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳይ ላይ እንዳይሠሩ ስለከለከለ፣ የአባሎቻቸውን መብት ለማስከበር የተቋቋሙ ማኅበራት ሥራቸውን ወደ እንክብካቤና ምግብ እደላ ብቻ ለማጥበብ ተገድደዋል። ይህ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተክቷል።

የምስጢርና የአክብሮት መጉደል የሚያስከትለው ጉዳት ከአገር ውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ታሪክም ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 በእስራኤል ኢትዮጵያውያን ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም ለዓመታት በስውር ሲጣል መኖሩ በጋዜጣ በተገለጠ ጊዜ፣ በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ታላቅ ተቃውሞ ተነሣ፤ በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽንም ተሰየመ። የጤና ባለሥልጣናቱ የደሙን ደኅንነት ለመጠበቅ ነው ቢሉም፣ ለለጋሹ ሳይነግሩ መጣላቸው መላውን ማኅበረሰብ በበሽታ ተጠርጣሪ አድርጎ ስሜቱን ጎዳው። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ የሚያስረዱና ሁለቱንም ባህል የሚያውቁ አገናኞች በሕክምናው ውስጥ ያላቸው ቦታ የበለጠ ግልጽ ሆነ።

የዛሬው ሁኔታ

ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ ሕክምናው በእጅጉ ተለውጧል። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደለት ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማያስተላልፍ ተረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ማንኛውም ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ወዲያውኑ መድኃኒት እንዲጀምር፣ ከፍተኛ ተጋላጭነት ያለው ሰውም «ፕሬፕ» የተባለውን የቅድመ ተጋላጭነት መከላከያ መድኃኒት እንዲያገኝ መክሯል፤ በ2016 ደግሞ ሰው በራሱ በቤቱ የሚመረመርበትን መሣሪያ ደግፏል። እነዚህ ሁሉ ምርመራን የሕክምና በር አድርገውታል፤ በሩ ላይ የሚቆም የታመነ ሰው ግን ዛሬም ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ በብዙ የአፍሪካ አገሮች በመጀመሪያ የተዘጉት እነዚሁ የማኅበረሰብ አገልግሎቶች ናቸው፤ መድኃኒቱ በሆስፒታል መጋዘን ሲቀር፣ ሾፌሩንና በወሲብ ንግድ የምትተዳደረውን ሴት ፈልጋ የምታመጣው የአቻ ለአቻ አስተማሪ ግን ከሥራዋ ወጥታለች። ይህ የሚያሳየው የአርባ ዓመቱ ሥራ በሰው አገር መንግሥት ውሳኔ ላይ ተንጠልጥሎ መኖሩን ነው። በእድርና በማኅበር የተጀመረ ሥራ በአገር ገንዘብ መቀጠል ይችላል፤ ለዚህም የፌዴራልና የክልል ጤና ቢሮዎች የማኅበረሰብ አማካሪዎችንና የአቻ አስተማሪዎችን ደመወዝ በመደበኛ በጀታቸው ውስጥ ሊያካትቱ፣ የከተማ አስተዳደሮች ለአገልግሎት ማዕከላቱ ቤት ሊሰጡ፣ እድሮችና ቤተ እምነቶችም በክፉው ዘመን ያሳዩትን ኃላፊነት ሊያድሱ ይገባል። ኤችአይቪ ከኢትዮጵያ ከተሞች ገና አልወጣም፤ የምርመራውና የመከላከሉ ተቋም ከተበተነ በሽታው የሚመለሰው ቀድሞ ወደ ነበረበት ዝምታ ነው።